ቁጠባችን ከባንክ ደብተር ይውጣ

በደመወዝ ለሚተዳደር የከተማ ቤተሰብ የሚሰጠው ምክር ከየትም ቢመጣ አንድ ነው። የባንኩ ማስታወቂያ፣ በቴሌቪዥን የሚቀርበው የገንዘብ አያያዝ አማካሪ፣ ከመልሱ በኋላ ሙሽሮቹን ቁጭ አድርገው የሚመክሩት አባት፣ ሁሉም «ከምታገኙት ላይ ቀንሱና ባንክ አስቀምጡ» ይላሉ። ባንኮቹ ለቆጣቢ ደንበኛ መኪና በዕጣ እስከ መሸለም ደርሰዋል። ይህን ምክር የሚነካ ሰው አባካኝ ወይም ግዴለሽ መባሉ አይቀርም። እኔ ግን ብር መባከኑ የሚያንገበግበኝ ሰው ስለሆንኩ ነው የምቃወመው። መካከለኛ ገቢ ላለው የአዲስ አበባ ወይም የሐዋሳ ቤተሰብ ትርፍ ብርን ባንክ ማከማቸት ከድህነት አያወጣም፤ ቀስ እያለ ወደዚያው ይወስዳል። ከወር ወር የምትተርፈው ብር ነገ የሚመጣን ወጪ በሚያስቀር ነገር ላይ መዋል አለባት፦ የዓመት ቀለብ፣ ሮቶ፣ ጥቂት ዶሮ፣ የጎመን መደብ፣ የስፌት መኪና፣ እጅ ላይ የሚቀር ሙያ።

ስሌቱን በሚታወቁ ቁጥሮች እንሥራው። ጥቅምት 2010 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ በ15 በመቶ ሲያወርድ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በዚያ ወር 100 ሺህ ብር በዚሁ ወለድ ያስቀመጠ ቤተሰብ ሳይነካው ሰባት ዓመት ቢጠብቅ፣ ከወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር ተቀንሶ፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም ላይ 157 ሺህ ብር ገደማ ያገኛል። ደብተሩን ላየ ሰው 57 ሺህ ብር ትርፍ ነው። ነገር ግን ብሩ ሲገባ አንድ ዶላር 27 ብር አካባቢ ነበር። ብሩ ሲወጣ ምንዛሬው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ለገበያ ተለቆ አንድ ዶላር ከ110 ብር አልፏል። 3,700 ዶላር ያህል የነበረው ጥሪት ከ1,500 ዶላር በታች ሆነ። ይህ የደረሰበት ቤተሰብ አልጠጣም፣ አልደገሰም፣ ቁማር አልተጫወተም። የተባለውን ነው የፈጸመው።

«እኔ የምበላው ጤፍ እንጂ ዶላር አይደለም» የሚል ካለ ወደ ጤፉ እንሂድ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም በብዙዎቹ ወራት ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 7 በመቶ እየተከፈለው 30 በመቶ የሚሸረሸር ገንዘብ የያዘ ሰው በየዓመቱ ከሀብቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እያጣ ነው። በ2015 ዓ.ም አንድ ኩንታል ጤፍ 10 ሺህ ብርን ሲሻገር፣ ቀደም ብሎ በመኸር ማግስት ገዝቶ ያስቀመጠ ቤት ልዩነቱን በአፉ ቀምሶታል። ጤፍ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ እህል ነው። ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከርጥበት ከተጠበቀ ዓመታት ይቆያል። ኩንታሉ በራሱ ቁጠባ ነው፤ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ባለቤቱን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እየተባለ የሚተረተው ለሞኝ ነበር። ዛሬ በቁጠባ ደብተር የተጻፈ ቁጥር ይዞ ለልጁ እንቁላል መግዛት የሚያቅተው ሰው ሞኝ አይደለም፤ በተሳሳተ ምክር የተጎዳ ነው።

ለዚህ የሚሰጠኝ የመጀመሪያ መልስ አገራዊ ነው። ቁጠባ ካልጎለበተ ባንክ የሚያበድረው አይኖረውም፤ ብድር ከሌለ ፋብሪካ የለም፤ ፋብሪካ ከሌለ ሥራ የለም ይባላል። እውነት ነው። ግን ይህን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? በእነዚያ የንረት ዓመታት የብድር ወለድ ራሱ ከዋጋ ንረቱ በታች ነበር። ስለዚህ የተበደረ ሁሉ ከወሰደው ያነሰ ዋጋ ያለው ብር ይመልስ ነበር፤ ጉድለቱን የሚሸፍኑት አስቀማጮቹ ናቸው። ብድር የሚያገኘው ደግሞ በዋስትና የሚያሲዘው ሕንፃ ወይም ቦታ ያለው ነው። የአንዲት መምህርት ቁጠባ የባለፎቁን ሁለተኛ ፎቅ ያቆማል፤ እሷ ራሷ ለስፌት መኪና ልበደር ብትል ግን የምታሲዘው የላትም። አገር መውደድ በዚህ መንገድ ከደሃ ቤት ብቻ ሊጠየቅ አይገባም።

ሁለተኛው መልስ «ከመንደር ኑሮ ወጥተናል፣ ራሳችሁን ቻሉ ማለት ወደ ኋላ መመለስ ነው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የቀደሙት ወላጆቻችን ስለ ጥሪት ከእኛ የተሻለ ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዕድርን እንመልከት። አንድ ነባር ዕድር ወርኃዊ መዋጮ ይሰበስባል፤ ጥሬ ገንዘብም ይይዛል። ነገር ግን የቆየ ዕድር ሀብቱ ያለው መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ትልልቅ ጎላ፣ ሳህን፣ ኩባያ። አባላቱ ከዓመታት በፊት በመቶዎችና በጥቂት ሺዎች እያዋጡ የገዙት ነው። ያ ብር ያኔ ባንክ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተደማምሮ አንድ ድንኳን መግዛቱን እጠራጠራለሁ። ድንኳኑ ግን ተቀዶ ተሰፍቶ ዛሬም ይተከላል፤ ድስቱ ዛሬም ንፍሮ ይቀቀልበታል። ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ በዚያ ክፉ ቀን የድንኳን ኪራይ ስንት ገባ ብሎ አይጠይቅም፤ ዋጋው ቢጨምርም ቢቀንስም እሱን አይመለከተውም። የዕድሩ መሥራቾች የምጣኔ ሀብት ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ሞት እንደማይቀር አውቀው ለማይቀረው ወጪ መልሱን በዕቃ አስቀመጡት። አንድ ቤተሰብም የማይቀሩ ወጪዎች አሉት። እንጀራ አይቀርም፣ ውኃ አይቀርም፣ ወጥ አይቀርም፣ የልጅ ዩኒፎርም አይቀርም። ለእነዚህ ለምን በብር እንጠባበቃለን?

ሌላው ምሳሌዬ እንሰት ነው። ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ጌዴኦ፣ ሐዲያ አገር የሄደ ሰው ከቤቱ ዙሪያ የቆመውን ጫካ የሚመስል ጓሮ አይቷል። በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በእንሰት ይኖራል። ተክሉ ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በየዓመቱ ይተክላል፣ ሕፃኑም ጎረምሳውም የደረሰውም ጎን ለጎን ይቆማሉ። የእንሰት ትልቁ ጸጋ የመከር ቀን የሌለው መሆኑ ነው። ሲፈለግ ይፋቃል፣ ካልተፈለገ ቆሞ ይጠብቃል፤ እየጠበቀም ይወፍራል። የተፋቀው ቆጮ ደግሞ በኮባ በተሸፈነ ጉድጓድ ተቀብሮ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይቆያል። የጓሮው ስፋት የቤቱን ማዕረግ ይናገራል፤ ልጅ ለመዳርም የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። አደጋ የለበትም አልልም። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ በአንድ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ተላልፎ ጓሮ ሙሉ ይጨርሳል። ግን ገበሬው ይህን አደጋ ያየዋል፤ ቢላዋውን በእሳት ያነዳል፣ የታመመውን ነቅሎ ይቀብራል። የባንክ ደብተር የያዘው የከተማ ሰው ግን ብሩን የሚበላው በሽታ ሲመጣ የሚያነድደው ቢላዋ የለውም።

ይህን ሁሉ የምለው ከተማው ሁሉ ገበሬ ይሁን ለማለት አይደለም። መንግሥትም ኅዳር 2015 ዓ.ም አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋትን አስጀምሮ እንቁላልና ወተት፣ ማርና ዶሮ ላይ ዘመቻ ከፍቷል። ዘመቻው ግን የሚለካው ስንት ጫጩት ተሠራጨ እየተባለ ነው። እኔ የምለካው ከአንድ ቤት አስቤዛ ላይ ስንት ዓይነት ወጪ እንደተሰረዘ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ሃምሳ ጫጩት ተረክቦ መኖ መግዣ ያጣ ቤተሰብ ለሪፖርት ስኬት ነው፤ ለራሱ ግን ኪሳራ ነው።

ዶሮን ካነሣሁ በዝርዝር ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከአርባ እስከ ስድሳ እንቁላል ብትጥል ነው። ቦቫንስ ብራውን የምትባለው የተሻሻለች ዝርያ በደንብ ከተያዘች ከ250 በላይ ትጥላለች። ሰው ይህን ቁጥር ሰምቶ ይቸኩላል። አንዲት ጣይ ዶሮ ግን በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ጣለችም አልጣለችም። አምሳ ዶሮ ያለው ሰው በቀን ስድስት ኪሎ ያህል መኖ ይገዛል፣ ማለት የመኖ ነጋዴ ደመወዝተኛ ይሆናል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የእንቁላል ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ዶሮዎቹ ግን አይጾሙም። ምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን በሚጾምበት አገር ይህን ሳያስቡ እንቁላል ልሸጥ ብሎ መነሣት ከገበያ ጋር መታገል ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ትንሽ ነው፦ አራት ወይም አምስት ዶሮ፣ ለቤት ብቻ። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የጎመን ግንድ፣ የተረፈ ቂጣ የመኖውን አንድ ክፍል ይሸፍናል፤ ቀሪው ፉርሽካና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ነው፣ ለቅርፊቱ ጥንካሬ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ታክሎበት። ፈንግል ሳይመጣ ክትባቱን ማስከተብ ግድ ነው፤ ፈንግል ከገባ በሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ነው። በጾም ወራት የሚጠራቀመው ለጎረቤት ሕፃናት ይሰጣል፣ ለፋሲካም ይደርሳል። በዚህ ልክ የያዘ ሰው አይከብርም። ልጆቹ ግን እንቁላል እየበሉ ያድጋሉ፤ የእንቁላል ዋጋ ዜናም ቤቱ አይገባም።

ውኃም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ስለ ጀሪካን ዋጋ ከእኔ አይማርም። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 40 ሊትር ውኃ ነው። የሐምሌ አንድ ጥሩ ዝናብ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ አሸንዳው በሚገባ ከተገጠመ፣ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ በአንድ ከሰዓት ይሞላል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራ ይዘው ስለሚወርዱ ይደፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስ፣ ለመጸዳጃ፣ ለጎመን ነው፤ ለመጠጥ አይሁን። ሮቶና አሸንዳ የገዛ ሰው ብሩን አላጠፋም። ብሩን ዝናብ ወደሚሞላው ዕቃ ቀየረው።

በርበሬውን ደግሞ ቤቴ ስለሚሠራ ከቅርብ አውቀዋለሁ። በመኸር ማግስት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ የማረቆ ዛላ በኪሎ ይገዛል። ቤተሰቡ በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ሰፌዱን ከብቦ ይቀነጥሳል፤ ትንንሾቹ ዓይናቸውን እንዳይነኩ ደጋግሞ እየተነገራቸው። ታጥቦ ይሰጣል፤ ደርቆ ይደለዛል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ የጤና አዳም ፍሬው ይገባል። ከዚያ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ይታመሳል፤ ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ ጎረቤት «እናንተ ቤት በርበሬ ነው?» ይላል። ወፍጮ ቤት ሲሄድ ከመካከላችን አንዱ እስኪፈጭ ድረስ አጠገቡ ይቆማል። ይህ ጥንቃቄ የመጣው በዘፈቀደ አይደለም። በገበያ በርበሬ ውስጥ የሸክላ አፈር፣ በቅቤ ውስጥ ሙዝ እየተደባለቀ ሲሸጥ መያዙን ሁላችንም በዜና ሰምተናል። ጎመኑም ከዚህ አይሻልም፤ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን በሚለቁበት በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለማ አትክልት ውስጥ ተመራማሪዎች ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። ለእነዚህ ነገሮች በባንክ ያለ ብር ምንም አያደርግልህም። ብሩ የሚገዛው ገበያው የሚሸጠውን ብቻ ነው።

አሁን ምሁራኑ ወደሚወዱት ክርክር እንምጣ። ሰው የሚችለውን ሠርቶ የማይችለውን ቢገዛ ሁሉም ይጠቀማል፤ የሂሳብ ባለሙያ ጎመን ሲኮተኩት የሚያጠፋው ሰዓት ከጎመኑ ዋጋ ይበልጣል ይባላል። ይህ ክርክር የሚሠራው ያ ሰዓት የሚሸጥበት ገበያ ካለ ነው። ደመወዝተኛ ቅዳሜ ከሰዓት ተጨማሪ ልሥራ ቢል የሚከፍለው የለም። ጎመኑን ባይኮተኩት ያን ሰዓት ስልኩ ላይ ነው የሚያሳልፈው። በዚያ ላይ የአበሻ ጎመን ቅጠሉ እየተሸለቀ ወራት የሚበላ ተክል ነው፤ ጥቂት እግር የተከለ ሰው በየሳምንቱ አዲስ አይተክልም። ዋጋው ለተረጋጋ ገበያ የተጻፈ ትምህርት በ2015 ሽንኩርት በኪሎ መቶ ብር ሲጠጋ ለተደናገጠች እናት መልስ የለውም።

የጾታው ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ በቀላሉ አላልፈውም። «ራሳችንን እንቻል» የሚል ባል ሊጡን፣ በርበሬውን፣ ዶሮውን፣ ጎመኑን ለሚስቱና ለቤት ሠራተኛዋ አሸክሞ እሱ በሐሳቡ የሚኮራ ከሆነ፣ ያ ቤት ራሱን አልቻለም፤ አንዲትን ሴት ነው የበላው። እናቶቻችን ይህን ኑሮ ኖረውታል፤ ብዙዎቹ የተጎበጡት በእሱ ነው። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታዬ ግልጽ ነው። በርበሬ ሲቀነጠስ አባወራው ሰፌዱ ዳር ይቀመጥ። የዶሮውን ቤት ወንዱ ልጅ ይጥረግ። ሊጥ ማቡካት የሚችል ጎረምሳ ይደግ። ይህን ለመቀበል ያልተዘጋጀ ቤት ከገበያ እየገዛ ቢኖር ይሻላል፤ ቢያንስ ሚስትየው ታርፋለች።

ሕመም ሲመጣ ዶሮ ሸጦ ማሳከም አይቻልም የሚለውም ትክክል ነው። ለዚህ የሦስት ወር ወጪ የሚሆን ጥሬ ብር ባንክ ይኑር፤ ዕቁብም ይጣል። የእኔ ጠብ ከዚያ በላይ ካለው፣ ለዓመታት ተኝቶ ከሚሟሟው ብር ጋር ነው። በተለይ ከቤይሩት፣ ከጅዳና ከዱባይ የሚላከው ያሳዝነኛል። ልጅቷ በሰው ቤት ጉልበቷን ጨርሳ የላከችውን ቤተሰብ «ስትመጣ እንድታገኘው» ብሎ በስሟ ያስቀምጥላታል። በቅን ልብ ነው። ስትመለስ ግን የምታገኘው ስትሄድ ያሰበችውን ሱቅ ቀርቶ የሱቁን መደርደሪያ የማይገዛ ብር ነው። ያ ብር በላከችበት ዓመት የእንጀራ ምጣድና የሊጥ ማቡኪያ፣ የስፌት መኪና፣ ወይም ገጠር ካለ ወላጅ ጋር የምትታለብ ላም ሆኖ ቢሆን፣ በየዓመቱ የሚሠራ ሀብት ይጠብቃት ነበር።

ጓሮ የሌለውስ? በዚህ ዘመን ብዙው ሰው ይህ ነው። ቦታቸው ለልማት ሲፈለግ ከነባር ግቢ ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች ከቤታቸው ጋር ጌሾውን፣ ጤና አዳሙን፣ የዶሮ ማደሪያውን፣ የሚያውሳቸውን ጎረቤት ጭምር ነው የተዉት፤ በካሳ ተመን ውስጥ ይህ ሲታሰብ አላየሁም። አራተኛ ፎቅ ላይ ዶሮ አይረባም። ነገር ግን የጤፍ ኩንታል ይገባል፣ ሣር በሚበዛበት ወቅት የተገዛ ቅቤ ተነጥሮ ይቀመጣል፣ ሽሮ ይዘጋጃል፣ በረንዳ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ቆስጣና የጥብስ ቅጠል ይበቅላል። ከሁሉም በላይ ኮሙናሉ አለ። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ሲሠሩ በየግቢው እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት አብሮ ተሠርቷል። ብዙ ቦታ ግን ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይቷል፤ ኪራዩም የማኅበሩ ሒሳብ ባለበት ባንክ ገብቶ እንደ ሌላው ብር ይሸረሸራል። የነዋሪዎች ማኅበራት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው ይህን ቤት ከተከራይ ያስለቅቁ። ሁለት ሦስት ምጣድ ይተከል፤ ተራ ይውጣ፤ ጤፉን በመኸር ማግስት በጋራ፣ በኩንታል ይግዙ። የኪራይ ገቢው ይቀርብናል የሚል የኮሚቴ አባል ቢነሣ፣ በዚያ ገቢ ባለፈው ዓመት ለአንድ ቤተሰብ ስንት እንጀራ እንደተገዛ በሒሳብ መዝገቡ ያሳይ።